ለ6 ዓመት ልጅ ስክሪን የሌለው የተረትና የመዝሙር ማጫወቻ፦ የቱን ልግዛ?

የቃልዬ እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ልጄ 6 ዓመቷ ነው። እዚሁ ነው የተወለደችው። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። በየሳምንቱ በቴሌግራም ድምፅ ትልክልናለች፤ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ አንዳንዴ መዝሙር። ልጄ የአያቷን ድምፅ ስትሰማ ፊቷ ይበራል። ችግሩ ስልኩ ነው። ስልኬን ይዛ ክፍሏ ትገባለች፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ገባ ብዬ ሳያት ተረቱ ቀርቶ ዩቲዩብ ላይ የማታውቃቸው ልጆች አሻንጉሊት ሲከፍቱ እያየች ነው። ስቀማት ለቅሶ። ማታ ማታ ቤታችን የሚመሸው በዚህ ጭቅጭቅ ሆኗል።

ስለዚህ ስክሪን የሌለው ወይም ለማየት የማያጓጓ፣ ራሷ የምታበራውና የምታጠፋው ትንሽ ነገር ልገዛላት አስቤያለሁ። ዮቶ የሚባል አየሁ፣ ቶኒቦክስ የሚባልም አየሁ፣ ርካሽ ትንንሽ ኤምፒስሪዎችም አሉ። ከ80 ዶላር በላይ ማውጣት አልፈልግም። ክረምት ላይ አገር ቤት እንሄዳለን፣ አውሮፕላን ላይም እናቴ ቤትም እንዲሠራልኝ እፈልጋለሁ። እናቴ ቤት ዋይፋይ የለም። የተጠቀማችሁበት ንገሩኝ።

ሁለት ወንዶች አሉኝ

እህቴ፣ ዮቶም ቶኒቦክስም ቤታችን አሉ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ቶኒቦክስ የጀርመን ነው፣ ገበያ ላይ የወጣው 2016 ነው። ለስለስ ያለ ሳጥን ነው። አናቱ ላይ ትንሽ አሻንጉሊት ስታስቀምጪበት መናገር ይጀምራል፣ ስታነሺው ያቆማል። ሁለት ጆሮ አለው። ትልቁን ሲጫኑት ድምፁ ይጨምራል፣ ትንሹን ሲጫኑት ይቀንሳል። ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ ከዚህ የሚቀል ነገር አላየሁም። ትንሹ ልጄ አንድ ፊደል ሳይለይ ብቻውን ይጠቀምበት ነበር። የራስሽን ድምፅ የምታስገቢበት አሻንጉሊት ለብቻው ይሸጣል፣ አንዱ የሚይዘው ግን 90 ደቂቃ ነው። የእናትሽ ተረት ከዚያ ሲያልፍ ወይ ሌላ ትገዢያለሽ፣ ወይ የድሮውን ታጠፊያለሽ።

ዮቶ የእንግሊዝ ነው፣ በካርድ ይሠራል። ሚኒ የሚባለው ትንሹ ኪስ ይገባል፣ የኢርፎን መሰኪያም አለው። ካሜራ የለውም፣ ማስታወቂያ የለውም። ባዶ ካርድ ገዝተሽ የራስሽን ፋይል በስልክሽ ትጭኛለሽ። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ድምፁ ያለው ካርዱ ላይ አይደለም፤ ካርዱ ልክ እንደ ቁልፍ ነው። ስታስገቢው ማጫወቻው በዋይፋይ ያወርድና ራሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ያለ ዋይፋይ የሚጫወተው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ካርዶቹን አንድ በአንድ አስገብተሽ ሁሉም እስከ መጨረሻው መውረዱን አረጋግጪ። ከዋሽንግተኑ ዳለስ ኤርፖርት አዲስ አበባ በረራው 13 ሰዓት ገደማ ነው፤ ያልወረደ ካርድ እዚያ ላይ ምንም አይልሽም። እናትሽ እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብለው አዲስ ተረት ቢቀዱላትም ዋይፋይ እስክታገኙ መጠበቅ ነው።

ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ዋጋቸው ግን ማጫወቻው ላይ አያቆምም። ልጅ በየጊዜው አዲስ ካርድ፣ አዲስ አሻንጉሊት ይላል። በ80 ዶላር ትጨርሻለሽ ብዬ አልዋሽሽም።

አይፖድ ወዳጅ

አሮጌ አይፖድ ሸፍል፣ የአፕልን ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ፣ ካገኘሽ ግዢ። ስክሪን የለውም፣ ልብስ ላይ ይሰካል፣ ልጅ በአንድ ቀን ይለምደዋል።

ከመርካቶ

ወንድሜ፣ አልስማማም። ሸፍል መመረት ያቆመው 2017 ነው፣ የመጨረሻው አይፖድም 2022 ላይ ቆሟል። ዛሬ የሚገኘው ያገለገለ ነው፣ ባትሪው ደክሟል፣ መቀየሩም ለማንም ሰው ቀላል አይደለም። ለዚያ ገንዘብ አታውጪ።

እኔ መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነው የምሠራው። እዚህ ወላጅ የሚገዛው በካርድ የሚሠራውን አይደለም፤ ሚሞሪና ፍላሽ የሚቀበል፣ ኤፍኤም ያለው ትንሽ ስፒከር ወይም ቁልፍ ያለው ኤምፒስሪ ነው። እህቴ፣ አንቺንም የምመክርሽ ይሄንኑ ነው። ምክንያቴን ልንገርሽ። ሰው ሲገዛ መጀመሪያ ዕቃውን ያያል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ልጅቷ የምትሰማው ነገር ነው። የምትሰማው የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከሆነ የካርዱ ወይም የአሻንጉሊቱ ይሻላል። የምትሰማው የአያቷ ድምፅ ከሆነ ግን የሚያስፈልግሽ ፋይል ገልብጠሽ ወዲያው የሚጫወት ነገር ነው። አካውንት የለ፣ አፕ የለ፣ ዋይፋይ የለ።

ስለ ቦታ አትጨነቂ። የንግግር ድምፅ በ64 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ሲሆን አንድ ሰዓቱ 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። 8 ጊጋ ላይ ከ270 ሰዓት በላይ ይገባል። እናትሽ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቢያወሩ አንድ ዓመት ተኩል ይሞላል ማለት ነው።

ግን ርካሹ የራሱ ጣጣ አለው። ሳትገዢ እነዚህን ጠይቂ።

አንደኛ፣ ሲጠፋና ሲበራ ካቆመበት ይቀጥላል ወይ? ለዘፈን ግድ የለም። ለተረት ግን ይሄ ዋናው ነው። ብዙዎቹ ርካሾች ካጠፋሽው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፣ ልጅ ደግሞ የአንድ ሰዓት ትረካ መሀሉን ስትፈልግ ትሰለቻለች።

ሁለተኛ፣ የእኛን ፊደል አብዛኞቹ አያሳዩም። «ጦጢት» ብለሽ ብትጽፊ አራት ማዕዘን ይደረደርልሻል። ፋይሉን በቁጥር ሰይሚው፣ 01፣ 02፣ 03 እያልሽ።

ሦስተኛ፣ አንዳንዶቹ በስም ሳይሆን በተገለበጠው ቅደም ተከተል ነው የሚያጫውቱት። ሁሉንም በአንዴ አትገልብጪ። 01ን ቀድመሽ፣ ቀጥሎ 02ን፣ እንዲህ እያልሽ ሂጂ። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል።

ሚሞሪ ካርድ ደግሞ ከማታውቂው ሰው አትግዢ። 64 ጊጋ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 8 ብቻ የሆነ ሞልቷል። ሲሞላ ዝም ብሎ የቀረውን ፋይል ያበላሸዋል። ኦርጅናሉ ከያዘው ስልክ ላይ ድምፁን አታጥፊ።

የቃልዬ እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ከመርካቶ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። አንድ ጥያቄ። በቴሌግራም የመጣውን ድምፅ እንዲሁ ገልብጬ ባደርገው ይጫወታል?

ከመርካቶ

አይጫወትም። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ኦጂጂ የሚባል የፋይል ዓይነት ነው፣ አብዛኞቹ ርካሾች አያውቁትም፣ የሚያውቁት ኤምፒስሪን ነው። የስልክ መቅጃም ብዙ ጊዜ ኤምፎርኤ የሚባል ሌላ ዓይነት ነው የሚያወጣው፣ እሱም ብዙዎቹ ላይ እምቢ ይላል። ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ የሚባለውን ማጫወቻ ፕሮግራም በነፃ ጫኚ፣ ኮንቨርት የሚል አለው፣ ኤምፒስሪ ብለሽ ትቀይሪዋለሽ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለወደፊቱ ደግሞ እናትሽ በስልካቸው መቅጃ ቀድተው እንደ ፋይል እንዲልኩልሽ ንገሪያቸው። የድምፅ መልእክቱ ተጨምቆ ነው የሚመጣው፣ ፋይሉ ጥራቱን ይዞ ይደርሳል።

አሮጌ ስልክ ይበቃል

ለምን ገንዘብ ታወጫለሽ? አሮጌ ስልክሽን ሲሙን አውጪ፣ ዋይፋዩን ዝጊ፣ ዩቲዩቡን አጥፊ፣ ተረቱን ብቻ ተይበት። አለቀ።

ሁለት ወንዶች አሉኝ

ሞክረነው ነበር። ትልቁ ልጄ በሦስተኛው ቀን ዋይፋዩን ራሱ ከፈተው። ባይከፍተው እንኳ ፎቶ ያያል፣ ካሜራ ይከፍታል፣ ስክሪኑን ወዲያ ወዲህ ሲል ተረቱን አይሰማም። እጁ ሥራ ሲፈታ ነው ጆሮው የሚሠራው። ለ12 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ለ6 ዓመት ልጅ ግን አልመክርም።

የጆሮ ክሊኒክ ነርስ (ስቶክሆልም)

ስለ ድምፁ መጠን እስካሁን ማንም ስላላነሳ ልግባ። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ያስቀመጠው ገደብ 75 ዴሲቤል ሆኖ በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ለአዋቂ 80 ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 78 ሲሆን 20 ሰዓት፣ 81 ሲሆን 10፣ 84 ሲሆን 5 ሰዓት ብቻ። «ለልጆች» ተብሎ የሚሸጥ ሄድፎን ላይ 85 የሚል ታያላችሁ። ያ ማለት ቀኑን ሙሉ ይደመጥበት ማለት አይደለም። የልጅ ጆሮ አንዴ ከተጎዳ አይመለስም፣ ስለዚህ እባካችሁ ይሄን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት።

ቤት ውስጥ ስፒከር ይሻላል። ሄድፎን ለአውሮፕላንና ለመኪና ይሁን፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ሳይሆን ከላይ የሚሸፍነው። አድርጋ ሳለ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆነሽ በተለመደው ድምፅሽ ጥሪያት። ካልሰማችሽ በዝቷል። ገመድ ያለው ነገር አድርጋ እንድትተኛ ደግሞ አትፍቀጂላት፣ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ስትገዢም ከፍተኛውን ድምፅ ወላጅ የሚቆልፍበት መሆኑን ጠይቂ።

ዱባይ ያለሁ

እኔ ደግሞ ከሌላው ጫፍ ነኝ። ልጄ ደሴ ከእናቴ ጋር ነው፣ 7 ዓመቱ ነው፣ እኔ እዚህ ሰው ቤት እሠራለሁ። ማታ 5 ሰዓት ሥራ ስጨርስ እሱ ተኝቷል። በስልክ የምንገናኘው አርብ ብቻ ነው፣ እሱም ኔትወርክ ሲኖር።

ባለፈው ዓመት አንድ የአገሬ ልጅ ስትሄድ ሚሞሪ የሚቀበል ትንሽ ስፒከር ገዝቼ በእጇ ላክሁለት። ሚሞሪው ላይ 14 ተረት አለ፣ መንዙማም አለ፣ ሁሉንም ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ የቀዳሁት ነው፣ ሰው እንዳልቀሰቅስ። እያንዳንዱን ስጀምር ስሙን እጠራለሁ። እናቴ ማንበብ አትችልም፣ የቁልፎቹ ምልክትም አይገባትም። ልጄም ያኔ ገና ነበር። እህቴ ምን አደረገች መሰላችሁ፣ ማጫወቻው ቁልፍ ላይ ቀይ ኩቴክስ ቀባችበት። ቀዩን ሲጫኑ እናቱ ታወራለች። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን «አልሠራ አለ» ብለው አልደወሉልኝም።

መብራት ሲጠፋም ይሠራል፣ ቀን ቻርጅ ያደርጉታል። አሁን አዲስ ተረት ስቀዳ ሌላ ሚሞሪ እሞላና የሚሄድ ሰው እፈልጋለሁ። ልጄ ባለፈው በስልክ «ሦስተኛው ላይ ስታስነጥሺ ነበር፣ ታመሽ ነው?» አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ይሄን ሲያስብ ኖሯል። እህቴ፣ ዕቃው ውድ ይሁን ርካሽ ልጅ አያውቅም። ቀላሉን ግዢላት።

የቃልዬ እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ እንባዬ መጣ። አላህ በሰላም ያገናኛችሁ።

ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ (ሲያትል)

አንድ አጭር ነገር ልጨምር። አሜሪካ ያላችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ፕሌይአዌይ የሚባል አለ፤ አንድ መጽሐፍ ተቀድቶበት የሚመጣ ትንሽ ማጫወቻ ነው፣ በትንሽ ድንጋይ ባትሪ ይሠራል፣ በነፃ ተውሳችሁ ትመልሳላችሁ። ማጫወቻው የታተመው መጽሐፍ ላይ የተያያዘበት ዓይነትም አለ፣ ልጅ ገጹን እያየች ትሰማለች። አንዳንድ ቤተ መጻሕፍት የዮቶ ካርድና የቶኒ አሻንጉሊትም ያውሳሉ። ልጅሽ ዝም ብላ መስማት ትወድ እንደሆነ አንድ ወር ያለ ገንዘብ ትፈትኛታለሽ። በስልክ አፕ የምትዋሱት የድምፅ መጽሐፍ ግን ርካሹ ኤምፒስሪ ላይ አይገለበጥም፣ ተቆልፏል።

አያት ነኝ (ጎንደር)

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ አሳይታኝ አነበብኩት። ስለ ዕቃው አላውቅም። ስለ ተረቱ ግን ትንሽ ልበል። እኔም ካናዳ ላሉት እቀዳለሁ።

መጀመሪያ የቀዳሁላቸው ረጅም ነበር፣ አልሰሙትም። እንደ ሬዲዮ ዜና ሳላቋርጥ ነበር የማወራው። ተረት ግን እንዲያ አይደለም። ልጅ ፊትህ ተቀምጦ ነው፣ ስትጠይቀው ይመልሳል፣ ሲፈራ ይጠጋሃል። አሁን «ተረት ተረት» እልና ዝም እላለሁ፣ «የላም በረት» እስኪሉ ያህል። እንቆቅልሽም እንደዚሁ ነው። «እንቆቅልሽ» ብዬ አቆማለሁ። ጠይቄም አቆማለሁ። «አገር ስጡኝ» ስል ረዘም አድርጌ እጠብቃለሁ፣ የቱን አገር እንስጥ ብለው ይጣላሉና። «እሺ፣ እዚያ አገር ሄጄ» ብዬ ነው የምቀጥለው፣ የትኛውንም ቢሰጡ ይሆናል። እናታቸው እንደነገረችኝ ከሳጥኑ ጋር ያወራሉ።

ልጄ፣ ለእናትሽ ይሄን ንገሪልኝ። ዶሮም ከጮኸ፣ በርም ከተንኳኳ አቁመው እንደገና አይጀምሩ። ይግባ።

የቃልዬ እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

አባባ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ዛሬውኑ እደውልላታለሁ።

የቃልዬ እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ምን እንዳደረግሁ ለሚቀጥለው ሰው ይጥቀም።

በ34 ዶላር ቁልፍ ያለው ትንሽ ኤምፒስሪ ገዛሁ። ስፒከር አለው፣ ሚሞሪ ይቀበላል፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ስክሪኑ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል፣ የሚያሳየው ቁጥር ብቻ ነው፣ ልጄ ዞር ብላም አላየችው። ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ከሰዓሊዋ እህቴ ተምሬ ቀይ ኩቴክስ ቀባሁት። (ዱባይ ያለሁ፣ የአንቺ እህት ማለቴ ነው። ምስጋናዬን አድርሺልኝ።)

መጀመሪያ ቀን ተሳስቻለሁ። ሁሉንም በአንዴ ገለበጥኩና 07 ከ01 ቀድሞ መጣ። አጥፍቼ አንድ በአንድ ስገለብጥ ተስተካከለ። የድምፁን ጣሪያም ቆልፌዋለሁ፣ ነርሷ እንዳለችው ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ ጠርቻታለሁ፣ ሰምታኛለች።

እናቴ አዲስ ቀዳችልን። ቡና እየወቀጠች ነው የቀዳችው። ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና እየሰማች ድንገት ተነስታ «አያዬ ቤት ማን ነው የሚያንኳኳው?» አለችኝ። በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ። ሙቀጫ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ለፋሁ፣ በመጨረሻ በርበሬ ማስቀመጫውን ጣሳ በማንኪያ መታሁላት። ሙቀጫውን ክረምት ላይ ራሷ ካልወቀጠችበት አትመለስም፣ ወስናለች።

እንቆቅልሹ ላይ ደግሞ አያቷ «ሌት ተቀን ሄዶ የማይደክመው?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ ወንዝ እንደሆነ ልጄ ካወቀች ሰንብታለች። ግን አትመልስም። «አገር ስጪኝ» እስክትባል ትጠብቅና በሩ ላይ ቆሜ እየሰማሁ «አሌክሳንድሪያ!» ትላለች። ከዚያ እናቴ «እሺ፣ እዚያ አገር ሄጄ» ስትል ትስቃለች። በየማታው ነው።

ስልኬን አሁንም ትጠይቀኛለች፣ አልዋሽም። ማታ ላይ ግን አትጠይቅም።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። እናቴ አንዷን ተረት 50 ደቂቃ ቀድታታለች። ልጄ ደግሞ ሳትጨርሰው እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ማሽኑ እያወራ ያድራል። ምን ላድርግ?

ከመርካቶ

እንኳን ደስ አለሽ። ሜኑው ውስጥ ስሊፕ ታይመር የሚል ካለው 20 ወይም 30 ደቂቃ ላይ አድርጊው፣ ራሱ ይጠፋል። ከሌለው ተረቱን ኦዳሲቲ በሚባል ነፃ ፕሮግራም በ10 በ10 ደቂቃ ቁረጪውና አንድ ፋይል ብቻ ተጫውቶ እንዲቆም አድርጊ። ስትቆርጪ ዓረፍተ ነገር መሀል አይሁን፣ እናትሽ ትንፋሽ የወሰዱበት ቦታ ላይ ይሁን።

ዱባይ ያለሁ

እህቴ፣ ምስጋናሽን አድርሻለሁ፣ ሳቀች። አንድ ነገር ልለምንሽ? የእናትሽን እንቆቅልሽ ለልጄም ብትልኪልኝ። እኔ የማውቀው አልቆብኛል። በሚቀጥለው ወር የምትሄድ ልጅ አግኝቻለሁ፣ ሚሞሪው ላይ ቦታ አለ።

የቃልዬ እናት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

በደስታ! እናቴን ጠይቄያት «እሰየው» አለችኝ፣ የልጅሽንም ስም ጠርታ ልትቀዳለት ትፈልጋለች። ስሙን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። 23 እንቆቅልሽ አለኝ፣ ወደ ኤምፒስሪ ቀይሬ በቁጥር ሰይሜዋለሁ። አንድ በአንድ ገልብጪው፣ 01ን ቀድመሽ።